ምች ይመታል ወይስ ይይዛል?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ልጄ ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ ትኩሳትና ራስ ምታት ሲያጣድፈው «ምች መታው» አልኩ። የሥራ ባልደረባዬ ግን «በሽታ ይይዛል እንጂ አይመታም» አለችኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ልጅዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ትክክሉ እርስዎ ያሉት ነው። ማስረጃው ቃሉ ራሱ ነው። «ምች» የወጣው «መታ» ከሚለው ግሥ ነው። ከ«ፈታ» «ፍች»፣ ከ«ቀዳ» «ቅጂ» እንደወጣው ማለት ነው። «ተ» ወደ «ቸ»፣ «ደ» ወደ «ጀ» ዞረ።

ባልደረባዎም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ጉንፋን ይይዛል፣ ሳል ይይዛል፣ ወባ ይይዛል። ግን «ብርድ መታው»፣ «ፀሐይ መታው»፣ «ቡዳ በላው» እንላለን። በአማርኛ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ በሽታው ነው፤ ሰውየው ተሳቢ ነው። ግሡ ደግሞ የበሽታውን አመጣጥ ይናገራል። ጠዋት ደህና የወጣ ሰው ማታ ከንፈሩ ቆስሎ፣ ሰውነቱ ግሎ ሲመጣ «መታው» የሚያሰኘው ድንገተኛነቱ ነው። «ያዘው» ካልን ይህ ይጠፋብናል። እኔ ለዚህ «መታው» ለሚለው ቃል በጣም ነው የምሳሳለት።

ቃሉ በእናንተ አገር ከአማርኛም አልፏል። ዳማከሴን በኦሮምኛ «ቆሪቻ ሚቺ» የሚሉ አሉ፤ «የምች መድኃኒት» ማለት ነው። ቁጥቋጦው የበሶብላ ዘመድ ነው፤ በዱርም በጓሮም ይበቅላል። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል፣ ጭማቂው ፊትና ግንባር ይቀባል፣ ይሸተታል። ቡና ላይ ጠብ አድርገው የሚጠጡትም ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ሲሳሳት አያለሁ። «እናቴ ዳማከሴውን አሽታ፣ አሽትታ፣ ቀባችኝ» በሉ እስቲ። የመጀመሪያው ከ«አሸ» ነው፤ ቅጠሉን በእጅ ማሸት። ሁለተኛው ከ«አሸተተ» ነው፤ በአፍንጫ ማሽተት። ሥራቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ የአፍንጫው በ«ት» እና በ«ታ» ይጻፍ፤ «ት» ከቀረች እናትየው ቅጠሉን ሁለቴ ያሸች ይመስላል።

ልጅዎን ዳማከሴ ከቀቡት በኋላም ትኩሳቱ ካልበረደለት ጤና ጣቢያ ወስደው ደሙን ያስመርምሩት። ወባም በትኩሳትና በራስ ምታት ነው የሚጀምረው።