መልስ፦ ወፎቹን በቅርብ ለማየት በስንት ሰዓት እንሂድ?

ሰላም ወንድሜ፣ ከጓደኞችህ ጋር ወንዙ ባሕሩን የሚቀላቀልበት ቦታ ሄዳችሁ ወፎቹ ሁሉ ሩቅ የሆኑባችሁ በሰዓቱ ምክንያት ይመስለኛል። ባሕሩ ሲጎድል ጭቃው ላይ ተበትነው ይለቅማሉ፤ ሲሞላ ውሃው እየገፋ ወደ ዳር ያመጣቸዋል። ስለዚህ ከመሙላቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ድረሱና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። በሁለት ሙላት መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስላለ ሰዓቱ በየቀኑ ይገፋል፣ እሱን አስቀድማችሁ አጣሩ።

እኛ እንዲህ አድርገን አንዷን ያለ ባይኖኩላር አየናት። ቆልማማ ረጅም ምንቃሯን ጭቃው ውስጥ ሰክታ ትል ስትጎትት፣ ትሉ እየተለጠጠ ወጥቶ ድንገት ብቅ ሲል ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። እንዴት ደስ ይላል!

ካረፉበት ግን አታስነሷቸው፣ አደራ። አንዳንዶቹ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በረው የመጡ ናቸው።