ከፍሪጁ በፊት ስታቢላይዘሩን ግዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ልትመጪ ነው፣ ባዶ ቤት ተከራይተሻል፣ ብሩ ውስን ነው፣ ቫኪዩም፣ ስቲም ማጽጃና ኤር ፍራየር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ብለሻል። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች የሚወዱትን ዕቃ ስም ደርድረዋል። ስለ መብራቱ ግን አንድም ሰው አልነገረሽም። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው የምኖረው። ትዳር የያዝኩትም፣ ልጆች ያሳደግኩትም እዚሁ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1. ስታቢላይዘር፣ በሶኬቱና በፍሪጁ መሃል የሚሰካው የኃይል ማስተካከያ። ከፍሪጁ በፊት እሱን ግዢ። ያገኘሽውን ሁሉ አይደለም፣ “ዲሌይ” ያለውን ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው ሳይለቅ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያቆያል ማለት ነው። ሻጮቹ ምክንያቱን ስለማይነግሩሽ እኔ ልንገርሽ። ፍሪጁ ሲሠራ ኮምፕረሰሩ ጋዙን በአንድ በኩል ይጨምቀዋል። መብራት ሲጠፋ ያ ግፊት እስኪላላ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። መብራቱ ሄድ መጣ ካለ ሞተሩ ግፊቱን ተሸክሞ ለመነሣት ይታገላል፣ ያቅተዋል፣ ከልኩ ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል። ሲደጋገም ይቃጠላል። ኃይሉ ከልክ በታች ሲወርድም ሞተሩ ይጎዳል። 220 ቮልት ነው ይባላል እንጂ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ሲፈዝ ራስሽ ታዪዋለሽ።

የኔን ልንገርሽ። ፍሪጁንና ስታቢላይዘሩን ከአንድ ሱቅ አንድ ላይ ነው የገዛሁት። ዲሌይ አለው ወይ ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት፣ አለው አለኝ። እንግዲያው ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ አልኩት። ፊቱን አጠቆረብኝ። “እናት፣ አታምኚንም እንዴ?” አለኝ። ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ ቢያጉረመርምም ቆሜ አስጻፍኩት። “ስታቢላይዘር፣ ለፍሪጅ፣ ከነዲሌዩ” ብሎ በእጁ ጽፎ ፈረመ።

ክረምቱ ሲገባ፣ የሰኔ ጾም ሊፈታ ሲል፣ ነጎድጓዱና ዝናቡ መጣ። መብራቱ አንዴ ሲሄድ አንዴ ሲመጣ አመሸ። ጠዋት ፍሪጁ ጭጭ ብሏል። ለፍቺ ያዘጋጀሁት ሥጋ ሁሉ ተበላሸ። ባለሙያ ጠራሁ። ስታቢላይዘሩን ነቅሎ ሰካው፣ ቀጭ ብሎ ወዲያው ለቀቀ። ከፈተው። ዲሌይ የሚባል ነገር የለውም። ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል።

ሱቁ ስሄድ ባለቤቱ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። “ጋራንቲው የመብራት ጉዳት አይሸፍንም” አለ። የሸጥክልኝ መከላከያ እኮ ነው የጎደለው አልኩት። “ሂጂና መብራቱን ክሰሺ” አለኝ። ይባስ ብሎ “ባልሽን ላኪው፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን” አለ። ደረሰኙ በኔ ስም፣ ብሩም የኔ ላብ ነው። ሰው ፊት እንደዚያ ተባልኩ።

ዝም አላልኩም። ባለሙያው ያየውን በወረቀት ጽፎ እንዲፈርምልኝ አደረግኩ። የደረሰኙን ኮፒ አነሣሁ። ተመልሼ ሄጄ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 813/2006 ነው፣ ካልሆነ ከዚህ ወጥቼ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው የምሄደው አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ገዢዎች እየሰሙ። ያኔ ስልኩን አስቀመጠ። ኮምፕረሰሩን በራሱ ወጪ አስቀየረ፣ ዲሌይ ያለው ስታቢላይዘርም ሰጠኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ደረሰኝ ያዢ። የሞዴሉን ቁጥር፣ የጋራንቲውን ጊዜና የነገሩሽን ሁሉ አስጽፊበት። ስታቢላይዘሩን ደግሞ እዚያው ሱቅ ሰክተሽ፣ ነቅለሽ፣ መልሰሽ ሰክተሽ ሞክሪው። ወዲያው ከለቀቀ ተይው። የፍሪጅ ሞተር ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ አቅሙ ከ1000 ቪኤ በታች የሆነውን አትግዢ። ቁም ሣጥን ውስጥ አትደብቂው፣ አየር ይፈልጋል።

2. ምጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለዚህ ቤት ግዴታ ነው። ግን 3500 ዋት ገደማ ስለሚበላ 16 አምፔር ያህል ይስባል። በስታቢላይዘሩም በማከፋፈያም እንዳትሰኪው። ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ሽቦ፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትሩን፣ ከነብሬከሩ አስዘርጊለት። አከራይሽ “የድሮ ተከራዮች እዚችው ላይ ነበር የሚሰኩት” ይልሻል። እሺ እንዳትይ። ስትጋግሪ ሶኬቱን ዳሰስ አድርጊው፣ የሚያቃጥል ከሆነ እዚያው አቁሚ።

3. ቫኪዩምና ስቲም ማጽጃ፣ ሁለቱም ይቅሩብሽ። ቤትሽ ሴራሚክ ነው ብለሻል። ለሴራሚክ መጥረጊያ፣ መወልወያና የውሃ መግፊያ ላስቲክ ይበቃል። ትልቅ ምንጣፍ ካለሽ ስለ ቫኪዩም እንነጋገራለን። ስቲሙ ውሃ አፍልቶ ነው የሚሠራው፣ ኃይል ሲወርድ ለብ ያለ ጠል ብቻ ይተፋል። እህቴ ከውጭ የላከችልኝ እስካሁን ካርቶኑ ውስጥ ነው። ኤር ፍራየሩ ለድንች ደህና ነው። ቅዳሜ ገበያ ደርሰሽ ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ ይዘሽ ስትመጪ ግን አይበቃም፣ መጥበሻ ይሻልሻል። ብሌንደር ግዢ፣ በማንጎና በአቮካዶ ወቅት ሥራ አይፈታም። የውሃ ማፍያም ግዢ። ታቹ ነጭ ሲጋግር በአቸቶ ወይም በሎሚ አፍልተሽ አሳድሪው፣ ይለቃል። ሎሚ ከዘጌ የመጣውን ካገኘሽ ደግሞ መዓዛው ሌላ ነው፣ የዓሣ ሽታ ከእጅና ከመክተፊያ የሚያወጣልሽም እሱ ነው፣ በጨው አሽተሽ።

የቫኪዩሙን ብር መስኮት ላይ አውይው። ወንፊት አስመቺ። አዲስ አበባ እያለሽ አይተሽው ስለማታውቂ ነው እንጂ ከጣና የሚነሡት ጥቃቅን ትንኞች አንዳንድ ማታ መብራት አይተው እንደ ጭስ ይገባሉ። አይነክሱም። ጠዋት ግን የመስኮቱ ደፍ፣ ምግቡ፣ አልጋው እነሱን ለብሶ ታገኚዋለሽ። የሚነክሰው የወባ ትንኝ ሌላ ነው፣ እሱም እዚህ አለ፣ አጎበር አይቅር። አናጢ የመስኮቱን ልክ ወስዶ በእንጨት ፍሬም የሚነቀል ወንፊት ይሠራልሽ፣ ምክንያቱም በሚስማር ከተመታ ማጠብ አትችዪም። ማታ የበረንዳውን አምፖል ማጥፋትም በጣም ይረዳል። የትንኝ ራኬትም ጥሩ ነው፣ የሚቻርጅ ስለሆነ መብራት ሲሄድም ይሠራል።

ማጽጃ ላይ ብዙ አታባክኚ። ላርጎ፣ ኦሞ፣ በረኪና። አለቀ። ቲክቶክ ላይ ለምድጃ፣ ለመስታወት፣ ለቧንቧ እየተባለ ለየብቻ የሚሸጠው ሁሉ አያስፈልግሽም። መስታወት በአቸቶና በጋዜጣ ይጠራል። ክረምት ላይ ቁም ሣጥን ጀርባ ሻጋታ ይይዛል፣ ሣጥኑን ከግድግዳ ትንሽ ፈቀቅ አድርጊው፣ ፀሐይ ሲወጣ መስኮት ክፈቺ።

በረኪና ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። ሙቀትና ፀሐይ ኃይሉን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ከዋለው አትግዢ። አልሙኒየም ድስት አታስነኪው፣ ይበላዋል። በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው የሚሸጡትን ቤትሽ አታስገቢ፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከሁሉም በላይ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅዪው። ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። የጎረቤቴ ሠራተኛ፣ ገና ልጅ ናት፣ ይጠራል ብላ ሁለቱን አንድ ላይ አፍስሳ በሩን ዘግታ ስትፈትግ ትንፋሽ አጥሯት ተሸክመን ነው ያወጣናት። ማንም አልነገራትም ነበር። ሠራተኛ የምትቀጥሪ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት፣ ሁለቱን ዕቃዎችም አንድ ቦታ አታስቀምጪ።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ፣ ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ነው? ሮቶ አለው? ከፍ ያለ ፎቅ ከሆነ ውሃው ላይደርስ ስለሚችል ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት አትቸኩዪ። ኮሜንት ላይ ጻፊልኝ፣ የፓምፑን ነገር ለብቻው እነግርሻለሁ።