ጥያቄና መልስ፦ የዓሣ ማደኛ ጦር መለዋወጫዎችን በቤት ውስጥ መሥራት

ጥያቄ፦ ውኃ ውስጥ እየጠለቅሁ በጦር ዓሣ ማደን ከጀመርሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። የምጠቀምበት ጦር መተኮሻ በላስቲክ የሚሠራና 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። አሁን ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፤ ጦሩን ከመተኮሻው ጋር የሚያያይዘው የናይለን ገመድ ተፍቋል፤ ምላጩም አንዳንድ ጊዜ አልሳብ ይለኛል። መለዋወጫ በቀላሉ ስለማላገኝ ሦስቱንም በእጄ ለመሥራት አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱን በሚገባ ሊሠሯቸው ይችላሉ፤ ሦስተኛውን ግን እንዳይነኩት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ላስቲክና ገመድ ሲያረጁ በዓይን ይታያሉ፣ በእጅም ተጎትተው ይፈተናሉ፤ ጦሩን ይዞ የሚያቆየው የምላጩ ጥርስ ግን ማለቁ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ጦሩን ሳይታሰብ ሲለቅ ነው።

ለላስቲኩ የሚያስፈልግዎ ከተፈጥሮ ጎማ፣ ማለትም ከላቴክስ የተሠራ ቱቦ ነው፤ ውፍረቱም የቀድሞውን ያህል ይሁን። ርዝመቱን በግምት አይቁረጡ። በአፈሙዙ ላይ ላስቲኩ ከሚያልፍበት ቀዳዳ አንሥቶ በጦሩ ላይ እስከሚያዝበት ጥርስ ድረስ ያለውን ርቀት ለክተው፣ የላስቲኩን ሁለት ጫፎች የሚያገናኘውን ማንገቻ ርዝመት ይቀንሱለት። ቀሪው 84 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ላስቲኩ በግራና በቀኝ ስለሚሄድ በጠቅላላው 168 ይሆናል። ላቴክስ ከራሱ ርዝመት ከሦስት እስከ ሦስት ተኩል እጥፍ ሲለጠጥ ጥሩ ጉልበት ስለሚሰጥ፣ 168 ለ3 ሲካፈል 56፣ ለ3.5 ሲካፈል ደግሞ 48 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። በዚህ ላይ ለሁለቱ ጫፎች ማሰሪያ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ። እኔ ወደ 56ቱ ተጠግቶ መጀመርን እመርጣለሁ፤ የረዘመ ላስቲክ ማሳጠር ይቻላል፣ ያጠረ ግን አይቀጠልም።

ዋናው ጥበብ ያለው ጫፉን በማሰር ላይ ነው። ማንገቻውን ዳይኒማ ከሚባለው ጠንካራ ገመድ ይሥሩት፤ የብረት ማንገቻ ቢበጠስ ፊትና ጣት ይጎዳል። የገመዱን ጫፍ በትንሽ ድቡልቡል ዶቃ ውስጥ አሳልፈው ይቋጥሩ፣ ዶቃውን በሳሙና ውኃ አርሰው ወደ ቱቦው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ያስገቡት። ከዚያ ከዶቃው በስተ ውጭ፣ ማለትም በዶቃውና በቱቦው አፍ መካከል፣ ቱቦውን በቀጭን የዳይኒማ ክር ሁለት ዙር ጠምጥመው የክሩን ጫፍ በሁለቱም ዙሮች ሥር አሳልፈው ያጥብቁ። ክሩ እጅ ስለሚቆርጥ ሁለቱን ጫፎች በሁለት የመፍቻ እጀታዎች ላይ ጠቅልሎ መሳብ ይሻላል። በትክክል ከጠበቀ ክሩ በጎማው ውስጥ ሰምጦ ቱቦው እንደ ጠርሙስ አንገት ይቀጥናል። ማንገቻው የሚያርፍበት የጦሩ ጥርስ ስለታም ከሆነ ገመዱን ስለሚበላው ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት።

አዲሱን ላስቲክ ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከማንኛውም የነዳጅ ዘይት ያርቁት። በየጊዜው በእጅዎ ለጠጥ አድርገው ወደ ብርሃን ይመልከቱት፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካዩ «አንድ ቀን ይዞልኝ ይቆይ» ሳይሉ ይቀይሩት።

ገመዱ ቀላል ነው። ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ አንድ ዘሀ ናይለን፣ ጫፉ ታጥፎ በሚገባበትና ተጨፍልቆ በሚይዘው ትንሽ የብረት ቱቦ፣ ማለትም በመጨፍለቂያ ቱቦ ይያዛል። ቱቦውን ከልኩ ጋር በሚስማማ መጨፍለቂያ ይጫኑት እንጂ ተራ ፒንሳ ናይለኑን ይቆርጠዋል። የቱቦውን ሁለት አፎች አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሳይጨፈልቁ ይተዉ፤ እስከ ጠርዙ ከተጫነ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። የናይለኑን ጫፍ በእሳት አሙቀው ትንሽ ጉብታ እንዲፈጥር ካደረጉ በኋላ በሰውነትዎ ክብደት ስበው ይፈትኑት።

ወደ ምላጩ ስመጣ፣ መክበዱ ብቻውን ጥርሱ አልቋል ማለት አይደለም። አሸዋና የደረቀ ጨው ብዙ ምላጮችን ያስቸግራል። ጦሩንና ላስቲኩን አውጥተው መያዣውን ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አሳድረው በደንብ ያጥቡት፤ የጦሩ የኋላ ጫፍ መበላቱንም ይመልከቱ፣ ጥፋቱ ከጦሩ ሊሆን ይችላልና። ይህ ሁሉ ካልረዳ መሣሪያውን አይጠቀሙበት፤ የምላጩን ዕቃ ሙሉውን ይቀይሩት። የጥርሱን ማዕዘን በሞረድ ጥቂት መለወጥ እንኳ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ጉልበት ይዞ የሚቆየውን ብረት ምላጩ ሳይሳብ እንዲለቅ ሊያደርገው ይችላል። ጠላቂ ወደ ታች ለመውረድ የሚታጠቀው የክብደት ቀበቶ ዘለበትም እንዲሁ ነው፤ በአደጋ ጊዜ በአንድ እጅ ወዲያው መከፈት ያለበትን ዕቃ በቤት ውስጥ ከተሠራ ነገር ጋር አላገናኘውም። ጥገናው ካለቀ በኋላም ላስቲኩን የሚስቡት ውኃ ውስጥ ሆነው፣ አፈሙዙም ከሰው ዞሮ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጦሬ ድንጋይ መትቶ ጎብጧል፤ በእሳት አሙቄ ላቅናው? ዓሣው እንዳያመልጥ የሚከፈተው የጦሩ ክንፍ የተያዘበት ሚስማርም ላልቷል።

መልስ፦ በእሳት አያሙቁት። የጦር ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ስለሆነ፣ እሳት ሲነካው ይለሰልሳል፤ በሚቀጥለውም ምት ይታጠፋል። በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልለው የሚነሣውን ቦታ ካገኙ በኋላ፣ ትንሽ ጉብጠት ከሆነ በቀዝቃዛው ጥቂት በጥቂት እየገፉ ማቅናት ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ ተሰብሮ የታጠፈ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ይቀየር። ለክንፉ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ሚስማር አስገብተው ሁለቱን ጫፎች በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ያስፉት፤ ክንፉን እንዳይጨምቀው ግን ይጠንቀቁ። ጦሩን ክንፉ ወደ ታች እንዲሆን ሲያዞሩት ክንፉ ሳይገፋ በራሱ ክብደት ወርዶ ካልተከፈተ፣ ሚስማሩ ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው።