ቀለሙን ከመፋቃችሁ በፊት፦ የጥንት የጦር አውሮፕላን ለሚወዱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የጥንት የጦር አውሮፕላኖችን እንደምትወዱ፣ በየሙዚየሙ እንደምትዞሩ፣ የአየር ትርኢት ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው እንቅልፍ እንደማይወስዳችሁ አውቃለሁ፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ። በአውሮፕላን ቴክኒሻንነት ከአርባ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ዳኮታ ወይም ሲ 47 በሚባለው ባለ ሁለት ሞተር ማመላለሻ አውሮፕላን ላይ ነበር፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አሮጌ አውሮፕላን ከሚያድሱ ሰዎች ጋር በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ። አውሮፕላኑን ስትወዱ መልኩን ብቻ ሳይሆን በላዩ ላይ የቀረውን የሰው እጅ ዱካም እንድትወዱ ልመክራችሁ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በጎ ፈቃደኛ በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት ከአንድ አሮጌ አውሮፕላን የተፈታ የውስጥ ሽፋን እንዳጸዳ ተሰጠኝ። የብዙ ዓመት ዘይትና አቧራ የጠጣ፣ ከክንድ ብዙም የማይረዝም አሉሚኒየም ነበር። በሙያዬ የለመድኩት ብረቱ ንጹሕ እንዲሆን ነው፤ ስንጥቅ የሚታየው በንጹሕ ብረት ላይ ነውና። ጨርቁን በማጽጃ ፈሳሽ እየነከርኩ ስፈትገው ከሥሩ ቢጫ አረንጓዴው የዝገት መከላከያ ቀለም ብቅ አለ፣ እኔም ደስ እያለኝ ቀጠልኩ። ወደ ጠርዙ ስደርስ ግን ሦስት የእርሳስ ፊደላትና የአንድ ቁጥር ግማሽ አየሁ፤ የቀረው ጽሑፍ ጨርቄ ላይ ግራጫ እድፍ ሆኖ ነበር። በፋብሪካው የሠራው ወይም የፈተሸው ሰው በእጁ የጻፈው መሆን አለበት፤ ምን ይል እንደነበር ግን ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የቡድኑ ኃላፊ አልተቆጣኝም፤ "ከመጀመርህ በፊት ፎቶ አንስተኸው ነበር?" ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። አላነሳሁትም ነበር።

ለበረራ የሚዘጋጅና ለታሪክ የሚጠበቅ አውሮፕላን በአንድ ሕግ አይያዙም። በሚበር አውሮፕላን ላይ ያረጀ ነገር ይጣላል፣ አዲስ ይገባል፤ በዚያ ላይ ድርድር የለም፣ የሰው ሕይወት ነውና። ለታሪክ በሚጠበቀው ላይ ግን ያረጀው ራሱ ታሪኩ ነው።

ይህን በዓይናችሁ ለማየት የምትፈልጉ በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ወደሚገኘው የስሚዝሶኒያን ኡድቫር ሄዚ ማዕከል ሂዱ። በዚህ አካባቢ የምትኖሩ የአገራችን ልጆች ብዙ ስለሆናችሁ ከደጃችሁ ነው ማለት ይቻላል። የጎብኚው ሁሉ እግር መጀመሪያ ወደ ጥቁሩ የስለላ አውሮፕላን፣ ወደ ኤስ አር 71፣ ያመራል፤ እኔ ግን ከላይኛው መተላለፊያ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ወደሚታየው የእድሳት ሃንጋር ብትመለከቱ እወዳለሁ። ፍላክ ቤይት የተባለው ማርቲን ቢ 26 ማራውደር ቦምብ ጣይ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንክብካቤ የተደረገለት በዚያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከየትኛውም የአሜሪካ ቦምብ ጣይ የበለጠ፣ ከ200 በላይ ዘመቻ ሄዶ የተመለሰ ሲሆን፣ ከአንድ ሺህ በላይ የጥይትና የፍንጣሪ ቀዳዳ ተቆጥሮበታል። እያንዳንዱን ቀዳዳ አንድ የምድር ሠራተኛ ለሚቀጥለው በረራ ለማድረስ እየተጣደፈ አሉሚኒየም ለጥፎ፣ በሪቬት (በማያያዣ ሚስማር) መትቶ ዘግቶታል። የሙዚየሙ ባለሙያዎች አውሮፕላኑን ገፈው እንደ አዲስ ከመቀባት ይልቅ የደበዘዘውን ቀለምና ልጥፎቹን እንዳሉ ማቆየትን መረጡ። አዲስ ቀለም ቢቀባ ኖሮ ያማረ ማራውደር ይሆን ነበር፤ ፍላክ ቤይት ግን አይሆንም ነበር።

ዱካ የምለው የጽሑፍ መዝገብንም ይጨምራል። ሰኔ 6 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ወደ ኖርማንዲ የፓራሹት ወታደሮችን የጫኑትን አውሮፕላኖች ከፊት ሆኖ የመራው ሲ 47 ከጦርነቱ በኋላ ተሸጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማንነቱ ተረሳ። በኋላ አንድ ተመራማሪ የመለያ ቁጥሩን፣ 42-92847ን፣ ከመዝገብ መዝገብ እየተከተለ በዊስኮንሲን፣ ኦሽኮሽ፣ አሮጌ ዳኮታዎችን አፍርሶ በአዲስ ሞተር በሚሠራ ድርጅት ግቢ ውስጥ አገኘው። እንደ ማንኛውም አሮጌ አካል ሊቆራረጥ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ታድሶ በ2018 እ.ኤ.አ. እንደገና በረረ፤ በ2019 እ.ኤ.አ.ም የኖርማንዲው ዘመቻ 75ኛ ዓመት ሲከበር አትላንቲክን ተሻግሮ ወደዚያው ተመለሰ።

ወደ አየር ትርኢት ስትሄዱ በማለዳ ድረሱ፤ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት ነውና። ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩበት ሞተር ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ዘይት እንደ አየር አይታመቅም፤ ሞተሩ በዚያው ከተነሳ የፒስተኑ ዘንግ ሊጎብጥ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኞቹ መቀጣጠያው መዘጋቱን አረጋግጠው ፕሮፔለሩን በእጃቸው፣ ቀስ ብለው እየቆጠሩ ያዞሩታል። የሚያዞረውን ሰው ፊት ተመልከቱ፤ በትከሻው ያዳምጣል፣ ድንገት ከከበደው ወዲያው ያቆማል። እኔም በዳኮታ ላይ የተማርኩት የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነበር።

እነዚህ አውሮፕላኖች ይብረሩ ወይስ ይቁሙ የሚለው ክርክር በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. በዳላስ፣ ቴክሳስ፣ ቢ 17 ቦምብ ጣይና ፒ 63 ተዋጊ አውሮፕላን በትርኢት ላይ ተጋጭተው ስድስት ሰዎች ከሞቱ ወዲህ በርትቷል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከዓይነቱ አንድ ወይም ሁለት ብቻ የቀረው ይቁም፤ ብዙ ወንድሞች ያሉት ግን ጥብቅ ቁጥጥር እየተደረገበት ይብረር፣ ድምፁን ያልሰማ ትውልድ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀውና።

ወደ አገራችን ስመለስ ልቤ የሚያዝንበት ነገር አለ። ፀሐይ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አገራችን ውስጥ የተሠራችው ትንሽ አውሮፕላን፣ የጦር አውሮፕላን ባትሆንም የጦርነት ምርኮ ሆና ወደ ጣሊያን ተወሰደች፤ ለብዙ ዓመታት በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ቆይታ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ለአገሯ ተመለሰች። መመለሷ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን የቬበር ስም ሲነሳ አብረውት ስለሠሩት የአገራችን ሰዎች ስም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በደብረ ዘይት ሳብ 17፣ ፋየርፍላይ፣ ቲ 28ና ኤፍ 86 የተባሉትን የአየር ኃይላችንን አውሮፕላኖች የጠገኑት እጆችም እንደዚሁ እንዳይሆኑ እሰጋለሁ፤ ከእነዚያ ቴክኒሻኖች ብዙዎቹ አርፈዋል፣ የቀሩትም አርጅተዋል። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያሉ አባት ካሉ ሂዱና ጠይቋቸው፤ ስትሄዱም የአውሮፕላኑን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።

ባለፈው ዓመት እኔው ራሴ በአሌክሳንድሪያ ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት የኤፍ 86 ፎቶ ይዤ ሄጄ ነበር። ስለ አገልግሎታቸው ስጠይቃቸው ብዙ አልመለሱልኝም ነበር፤ ፎቶውን እጃቸው ላይ ሳስቀምጠው ግን ዝም አሉና ቀኝ እጃቸው በአየር ላይ የሞተሩን ክዳን መቆለፊያዎች በየተራ ይከፍት ጀመር። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። "ይቺኛዋ ትጠብቃለች፤ በአውራ ጣትህ ገፋ አድርገህ ነው" አሉኝ። ደብተሬን አውጥቼ፣ ቀኑንና ስማቸውን ከላይ አድርጌ፣ እንዳሉት ጻፍኩት።