«ታዋቂ ነሽና ፈቃድሽ አያስፈልግም» አለችኝ

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ እተውናለሁ። ፒያሳ በሚገኝ አንድ የውበት ሳሎን ሹሩባ ተሠርቼ ስጨርስ ባለቤቷ «ለማስታወሻ» ብላ ፎቶ አነሳችኝ። ከሦስት ወር በኋላ ያ ፎቶ ትልቅ ባነር ሆኖ ከሳሎኑ በር በላይ ተሰቀለ። የሳሎኑ ስልክ ቁጥር አንገቴ ላይ ታትሟል። ጎረቤቶች እናቴን «ልጅሽ ሳሎን ከፈተች?» እያሉ ይጠይቋታል። አውርጂልኝ ስላት «አንቺ የሕዝብ ነሽ፤ ታዋቂ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም» አለችኝ። በዚህ ላይ አንድ ሰው ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ቀርጾ በዩቲዩብ ለቆታል። ሕጉ ምን ይላል? (ት.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሳሎኗ ተሳስታለች። የተሳሳተችበትን ምክንያት ግን በደንብ ይወቁት፤ ፍርድ ቤት ስትቀርብም የምትመዘው ይህንኑ ክርክር ነውና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር የባለፎቶውን ታዋቂነት ይጠቅሳል። የሳሎኗ ባለቤት የያዘችው ይህቺን ቃል ብቻ ነው። ድንጋጌው ግን የፎቶው መውጣት በታዋቂነቱ ምክንያት ተገቢ ሆኖ መገኘት እንዳለበት ይናገራል። ጋዜጣ ስለ ድራማዎ ሲጽፍ ምስልዎን ቢያወጣ ተገቢ ነው፤ ሕዝብ ስለ ሥራዎ የማወቅ ፍላጎት አለው። ለሹሩባ ደንበኛ መጥሪያ ሲሆን ግን ሕዝብ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚጠቀመው ነጋዴው ብቻ ነው። እርስዎም ፎቶ መነሳትን ፈቀዱ እንጂ ለማስታወቂያ መዋልን አልፈቀዱም።

ምን ማግኘት ይችላሉ? በአንቀጽ 29 መሠረት ማስታወቂያው እንዲወርድ መጠየቅ ይችላሉ። ፍርድ ቤቱም ርትዕ (ፍትሐዊነት) ሲያስገድድ ሳሎኗ ከምስልዎ ባገኘችው ጥቅም ልክ ካሳ ሊወስን ይችላል። ትልቁ ድካም ይህን ጥቅም ማስረዳት ነው። ከዚህ በፊት ለማስታወቂያ ሥራ የተፈራረሙት ውል ካለ ይዘው ይምጡ፤ ሳሎኗ ሳትከፍል ያስቀረችውን ገንዘብ ለመገመት ይረዳል። በእናትዎና በእርስዎ ላይ ለደረሰው የኅሊና ጉዳት ብቻ ካሳ ከጠየቁ ግን አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር በላይ እንዳይወሰን ያግዳል። ይህ ጣሪያ ሕጉ ሲወጣ የነበረ ነው። ዛሬ ለተበዳይ ካሳ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ሊሻሻል ይገባል እላለሁ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡና ቀን ያለበት የመቀበያ ፊርማ ያስቀሩ። ሲጠየቅ ወዲያው ያላወረደ ሰው ተጨማሪ ካሳ ሊፈረድበት ስለሚችል ያቺ ቀን ዋጋ አላት። ከውል ውጭ የሆነ የካሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ (ክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) እንደሚታገድም አይርሱ (አንቀጽ 2143)።

ወደ ቪዲዮው ስንመጣ፣ ስለ ራስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይከብድ ነበር፤ አንቀጽ 28 በአደባባይ የተፈጸመን ነገር ለማሳየትም በር ይከፍታል። ልጅዎ ግን ታዋቂ አይደለም፤ ትምህርት ቤት መሄዱም የሕዝብ ጉዳይ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ አንቀጽ 36 የልጁን ጥቅም ያስቀድማል። እንደ ወላጅ በልጅዎ ስም ቪዲዮው እንዲወርድ ይጠይቁ። የትምህርት ቤቱ በር ወይም የደንብ ልብሱ የሚታይ ከሆነ ማመልከቻው ላይ ለይተው ይጻፉት፤ ልጁ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚገኝ ለማያውቁት ሰው ሁሉ የሚናገር ምስል ነውና እኔን ከባነሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ባነሩን ግን ራስዎ ወጥተው እንዳይቀድዱት። ከነሳሎኑ በር ፎቶ ያንሱት፤ አንድ ጎረቤትም ምስክር ይያዙ።