ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ ስል ሕክምና ሸሽቻለሁ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። 39 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከሦስት ወር ወዲህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ሆዴን ያቃጥለኛል፤ ለጨጓራ ያልወሰድኩት መድኃኒት የለም። የፈተና ወረቀት ተከምሮ ሳየው እጄ አይነሳም። ክፍል ውስጥ የጀመርኩት ሐሳብ መሀል ላይ ይጠፋብኛል። ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ፤ ኋላ ይጸጽተኛል። ማታ ሁለት ሦስት ቢራ ካልጠጣሁ አልተኛም። ባለቤቴ ጸበል እንሂድ ትላለች። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ ሂድ አለኝ፤ ግን ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ የሚለማመዱት እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። «አበደ» ቢሉኝስ? ለመሆኑ ይሄ ሕመም ነው ወይስ ስንፍና? በምክር ይድናል? መድኃኒቱስ ሱስ አያስይዝም?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስንፍና አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ። ሰነፍን ሰው ያልታረመ ወረቀት እንቅልፍ አይነሳውም።

ሳልመረምርዎት እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። የጻፉት ሁሉ ግን ወደ ድብርት ሕመም ያመለክታል። ድብርት ሁልጊዜ በለቅሶ አይመጣም። ሌሊት ነቅቶ ማደር፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ በትንሽ ነገር ቱግ ማለት፣ የሚወዱት ነገር መሰልቸት ሁሉ ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ሳምንት ካለፈና ሥራንና ቤትን ከነካ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የእርስዎ ሦስት ወር ሆኖታል። በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው «ከፍቶኛል» ብሎ አይመጣም። «ራሴን አቃጠለኝ፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ተነሳ» ብሎ ነው የሚመጣው። ጨጓራው ይታከማል፤ ዋናው ሕመም ሳይነካ ይቀራል።

ብዙዎች በርንአውት የሚሉት በሥራ መዛልም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠው፣ ይህ በራሱ በሽታ ሳይሆን መላ ካልተበጀለት የሥራ ጫና የሚመጣ መንጠፍ ነው። ሁለቱን ለመለየት ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ። ከሥራ ራቅ ሲሉ ቀለል ይልዎታል? ለበዓል ቤተሰብ ጋ ሄደው ሦስት አራት ቀን ሲያርፉ ከሳቁ፣ ከተኙ፣ ምግብ ከጣመዎት፣ ችግሩ በአብዛኛው የሥራው ነው። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ዳር ቆመው፣ ሕዝቡ እየዘመረ፣ ልጆችዎ እየዘለሉ፣ እርስዎ ግን ውስጥዎ ምንም ካልተሰማዎት፣ ነገሩ ከሥራ አልፏል።

ሳልጠይቅዎ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ሕይወት አስጠልቶዎት ያውቃል? «ብሞት ይሻላል» ብለው አስበዋል? ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ይልቁንም ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሲያገኝ ይተነፍሳል። መልስዎ አዎ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ። ዛሬውኑ፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ሆነው፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ካለ ከቤት ወጥቶ ዘመድ ጋ ይቀመጥ። የተከማቸ መድኃኒትና የተባይ መርዝም እንዲሁ።

አሁን ወደሚያስፈራዎት ነገር ልምጣ። «ያዩኛል» የሚለው ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ጎንደር ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተጀመረ ወዲህ እዚህ ማከምና ማስተማር አብረው ነው የኖሩት። ሆስፒታሉ ሲገቡ ተማሪ ማየትዎ አይቀርም። ግን ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ክፍሉ ውስጥ ተማሪዎች ካሉ ለሐኪሙ «ብቻችንን ብንሆን ደስ ይለኛል» ይበሉት። ምክንያት መስጠት አይጠበቅብዎትም፤ ሕክምናዎም በዚህ አይጓደልም። ያስተማሩት ልጅ ሊመረምርዎት ቢመጣ ሌላ ሐኪም ይለወጥልኝ ማለት ይችላሉ። ምስጢር መጠበቅ ደግሞ ለእያንዳንዱ ባለሙያ፣ በልምምድ ላይ ላለው ተማሪ ሐኪም (ለኢንተርኑ) ጭምር፣ የሙያ ግዴታው ነው። የሕመም ፈቃድ ካስፈለገዎት የሕመሙ ዝርዝር ወደ ቢሮ የሚሄደው ወረቀት ላይ እንዳይሰፍር ሐኪሙን አስቀድመው ያነጋግሩት።

ያ ሁሉ ከከበደዎት በሌላ በር ይግቡ። ድብርትን የሥነ አእምሮ ሐኪም ብቻ አይደለም የሚያክመው። የዓለም ጤና ድርጅት ጠቅላላ ሐኪም፣ ጤና መኮንንና ነርስ ጭምር እንዲያክሙት መመሪያ አዘጋጅቷል፤ በዚህ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በአገራችን ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ከሚሠሩበት ግቢ ራቅ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ ይምረጡ። የምክር አገልግሎት በስልክ የሚሰጡ ሳይኮሎጂስቶችም አሉ፤ ኔትወርክ እሺ ባለ ቀን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ማነጋገር ይቻላል። ከራስዎ ትምህርት ክፍል የሆነ ባልደረባ ግን፣ ባለሙያ ቢሆንም፣ መካሪዎ ባይሆን እመርጣለሁ። ነገ ዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ አብራችሁ ትቀመጣላችሁና።

ምክር ይረዳል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ይረዳል። ቀላልና መካከለኛ ለሆነ ድብርት ያለ መድኃኒትም ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ጓደኛ «አይዞህ፣ በርታ፣ ተወው» ብሎ ከሚያጽናናው ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ባለሙያው ቀንዎ እንዴት እንደሚያልፍ ሰዓት በሰዓት ያስጽፍዎታል። ከዚያ ትንሽ የቤት ሥራ ይሰጣል። ለምሳሌ «ነገ ጠዋት አምስት ወረቀት ብቻ ያርሙ፤ ስድስተኛውን ቢፈልጉም አይንኩ፤ ከዚያ ወጥተው ሃያ ደቂቃ በእግር ይሂዱ» ይላል። አምስቱን ያረመ ሰው በማግሥቱ እጁ ይነሳለታል። ሦስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ «ተማሪዎቼ ንቀውኛል» የሚል ሐሳብ ካለዎት እሱ ይመዘናል። ማን ናቀዎት? ምን አይተው ነው? አብረው ይመረምሩታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው በአምስት ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ አጭር ዘዴም አለ። ሥራው የእርስዎም ነው፤ ቁጭ ብሎ መስማት ብቻውን አያሽርም።

መድኃኒት ካስፈለገ፣ እኛ ጋ በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። እነዚህ ሱስ አያስይዙም። ግን ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ማቅለሽለሽ ወይም መቁነጥነጥ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው። ሲሻልዎትም ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥሉ፤ ማቆሙም ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ ነው። ሱስ የሚያስይዘው ለእንቅልፍ ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው ዲያዜፓም ነው። ሐኪም ሳያዝዝልዎ እሱን እንዳይነኩ።

ቢራውን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። አልኮል ያስተኛል፤ ከሰውነት እየወጣ ሲሄድ ግን ያነቃል። 9 ሰዓት ላይ ለሚነቁት አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ጨጓራንም ያባብሳል፣ ድብርትንም። በየቀኑ ሲጠጡ ቆይተው ከሆነ የሚጠጡትን ልክ ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ እንዴት እንደሚተዉት ይመራዎታል። ቡናውም ከምሳ በኋላ ቢቀር ጥሩ ነው።

የባለቤትዎ ሐሳብ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ጸበልም ሂዱ፣ ጸልዩም፤ እምነት ሰው ያጽናናል። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ጸበል ስገባ ብለው ኪኒኑን እንዳያቋርጡ። የሚጾሙ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ። ከላይ ከጠቀስኳቸው መድኃኒቶች አብዛኞቹ በቀን አንዴ የሚዋጡ ስለሆኑ ከጾሙ ሰዓት ጋር ማስማማት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀን የደም ማነስ፣ ስኳርና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ ቢደረግልዎ እወዳለሁ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ቁርጥ ድብርትን መስሎ ሊመጣ ይችላል፤ እንቅርትም በአካባቢያችን ብርቅ አይደለም።

ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። ጎበዝ የነበረ መምህር ውጤት ማስገባት ሲያዘገይ፣ ከስብሰባ ሲቀር፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ጠርታችሁ «ደህና ነህ ወይ?» በሉት። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው ያሳለፍነውን ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ተዘግቶ ከቤተሰቡ የተለየ አለ፤ ተኩስ ሰምቶ አድሮ ጠዋት ሌክቸር የገባ አለ፤ ደመወዙ ወር የማያደርሰው ብዙ ነው። ተማሪ ሲጨንቀው የሚሄድበት የምክር ቢሮ እንዳለ ሁሉ፣ ለመምህሩም፣ ለጥበቃውም፣ ለጸሐፊዋም የሚሆን በር ያስፈልጋል። ቢሮው ከሰው ሀብት አስተዳደር ራቅ ቢል፣ ቀጠሮው በስልክ ቢያዝ፣ ባለሙያው ከውጭ ቢመጣ ሰው ደፍሮ ይገባል።

እርስዎ መምህር፣ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ። ካርድ ክፍል «እንቅልፍ አጥቻለሁ» ማለት ይበቃል። ሐኪሙ ጋ ሲገቡ ግን ለእኔ የጻፉልኝን ሁሉ ይንገሩት፣ ቢራውንም ልጆቹንም ጨምሮ። ሕክምና ጀምረው በስድስት ሳምንት ለውጥ ካላዩ «አልሠራልኝም» ብለው አይቅሩ፤ ተመልሰው ይሂዱ። መጠኑ ይስተካከላል፣ ካልሆነም መድኃኒቱ ይቀየራል፣ ወይም ምክሩና መድኃኒቱ አንድ ላይ ይሰጥዎታል።