ስለ ፈርናንዶ ሂዬሮ ጠይቁኝ፦ ከመሀል ተከላካይነት እስከ ክለብ ቢሮ

ስለ ሂዬሮ በየጊዜው ስትጠይቁኝ ቆይታችኋል። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፤ ጠይቁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከወዲሁ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የፌዴሬሽን ስፖርት ዳይሬክተር፣ የክለብ ሥራ አስኪያጅ እና አሰልጣኝ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሰውየው ሦስቱንም ሠርቷል። እባካችሁ አትደባልቁ።

የሀዋሳ ልጅ፦ ጋሼ ሰላም። እኔ ኳስ ማየት የጀመርኩት በራሞስ ዘመን ነው። ሂዬሮ ከየት ተነሣ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። በ1968 ደቡብ ስፔን፣ ቬሌዝ ማላጋ ተወለደ። ወንድሞቹም ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ። በ1987 ለቫያዶሊድ መጫወት ጀመረ። በ1989 ቫያዶሊድ የንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በሪያል ማድሪድ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ክረምት ማድሪድ ልጁን ወሰደው። 14 ዓመት ቆየ። 5 ላሊጋና 3 ቻምፒየንስ ሊግ በላ። ለስፔን 89 ጊዜ ተሰልፎ 29 ጎል አገባ።

ማድሪዲስታ፦ ተከላካይ ሆኖ በላሊጋ ብቻ ከ100 በላይ ጎል ማግባት እንዴት ይቻላል? ፔናሊቲ ነው የሚሉ አሉ።

መልስ፦ በላሊጋ ለማድሪድ ያገባው 102 ነው። ፔናሊቲና ቅጣት ምት ይመታ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። በ1991/92 አሰልጣኙ ራዶሚር አንቲች ከኋላ አንሥቶ አማካይ አደረገው። በዚያ ዓመት በሊጉ 21 ጎል አገባ! ዛሬ ብዙ አጥቂ ይህን አያገባም። ከሳጥኑ ውጭ ሆኖ ይጠብቅና ኳሷ ስትመጣ ዘግይቶ ይገባ ነበር። በጭንቅላትም አስቸጋሪ ነበር። ያ ዓመት ያለቀው ግን በሐዘን ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ቴኔሪፌ ላይ ነበር። ማድሪድ 2 ለ 0 መራ፤ አንዱን ያገባው ሂዬሮ ነው። ከዚያ 3 ለ 2 ተሸንፎ ዋንጫው ወደ ባርሴሎና ሄደ። ስለዚህ "ተከላካይ ሆኖ ይህን አገባ" ስትሉ የትኛው ዓመት እንደሆነ እዩ። በአማካይነት ያገባውን ከተከላካይነቱ ጋር አትደምሩ።

ራሞስ 93፦ ራሞስ ይበልጣል። 4 ቻምፒየንስ ሊግ አለው። ነጥብ።

ማድሪዲስታ፦ ቁጥር እናውራ? ሂዬሮ በ601 ጨዋታ 127 ጎል። ራሞስ በ671 ጨዋታ 101።

ራሞስ 93፦ ጋሼ አሁን የነገሩህን ረሳህ እንዴ? የሂዬሮ ጎል በአማካይነት ያገባውም ተደምሮበት ነው! ራሞስ በሊዝበን በ93ኛው ደቂቃ ያገባት አንዷ ብቻ ሃያውን ትመዝናለች።

ማድሪዲስታ፦ 4 ቁጥርን ራሱ ራሞስ የወረሰው ከማን ነው?

መልስ፦ ልጆች፣ በቃ። ሁለቱም የማድሪድ አምበሎች ናቸው። ራሞስ በፍጥነትና በጉልበት ይበልጣል። ረጅም ኳስ አሳምሮ በማድረስ ሂዬሮ ይበልጣል። ቀጣይ።

ቤቲ፦ ጋሼ፣ በ2003 ለምን ወጣ? ዋንጫ በበላ ማግስት ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ትክክል ሰምተሻል። ሰኔ ላይ ሊጉን አሸነፉ። በማግስቱ ክለቡ ከአሰልጣኙ ቪሴንቴ ዴል ቦስኬም ከአምበሉ ከሂዬሮም ጋር እንደማይቀጥል አሳወቀ። ሁለቱም በአንድ ቀን! ዚዳን፣ ፊጎና ብራዚላዊው ሮናልዶ የነበሩበት ቡድን ነው። ከዚያ በኋላ ማድሪድ ሦስት ዓመት ሙሉ ትልቅ ዋንጫ አላየም። እኔ ያ ውሳኔ ዛሬም ያንገበግበኛል። ይህችን ቀን ግን ያዢያት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አዳሜ፦ ቦልተን ላይ እንዴት ነበር?

መልስ፦ መጀመሪያ ኳታር፣ አል ራያን። ከዚያ በ2004/05 የእንግሊዙ ቦልተን። ጥሩ ዓመት ነበር። በዚያው ጫማ ሰቀለ።

ጀማሪ፦ ስለ ሂዬሮ ጠቅላላ ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ "ጠቅላላ" የሚባል ጥያቄ የለም። ከላይ አንብብና አንድ ነገር ለይተህ ጠይቅ።

ቤቲ፦ እሺ፣ እኔ ለይቼ ልጠይቅ። በፌዴሬሽኑ ቢሮ ምን ሠራ? ስፔን በ2010 የዓለም ዋንጫ ስትበላ እሱ ምን አደረገ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የነበረው። በ2007 መስከረም የስፔን ፌዴሬሽን ስፖርት ዳይሬክተር ሆነ። ያኔ ብሔራዊ ቡድኑ ጭቅጭቅ ውስጥ ነበር። አሰልጣኙ አራጎኔስ አጥቂውን ራውልን ትቶታል፤ ጋዜጣው በየቀኑ ይጮሃል። ዳይሬክተሩ ቡድን አይመርጥም፤ ተጫዋችም አይገዛም። ሥራው አሰልጣኙ ሳይረበሽ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ከክለቦች ጋር መነጋገር፣ ከታዳጊ እስከ ዋናው ቡድን ያሉ አሰልጣኞች በአንድ መንገድ እንዲጓዙ መከታተል።

በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ መጣ። አራጎኔስ ሄደ። ተተኪው ማን ሆነ? ዴል ቦስኬ! በ2003 ከሂዬሮ ጋር በአንድ ቀን ከማድሪድ የወጣው ሰው። በአምስት ዓመታቸው ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። ዴል ቦስኬ የአራጎኔስን ቡድን አላፈረሰም። ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ሲረከቡ እጅን መሰብሰብ ትልቅ ችሎታ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደቡብ አፍሪካ ላይ ኢኒየስታ አገባ። በ2011 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ቡድኑ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ፤ ማታ፣ ቲያጎና ዴ ኸያ የነበሩበት። ሂዬሮ በዚያው ክረምት ወንበሩን ሲለቅ ከታችም ከላይም የሚሠራ ቤት ትቶ ነው የሄደው። የቢሮ ሰው የሚለካው በዚህ ነው፤ ሲወጣ ትቶት በሄደው።

ባርሳዊ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የ2010ን ዋንጫ ያመጣው የባርሳ አካዳሚ ነው። ዣቪ፣ ኢኒየስታ፣ ቡስኬትስ፣ ፒኬ፣ ፑዮል። ሂዬሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

ማድሪዲስታ፦ በፍጻሜው ግብ ጠባቂው ካሲያስ የሮበንን ኳስ በእግሩ ባያወጣስ?

ባርሳዊ፦ ካሲያስን ማን ነካው?

መልስ፦ ባርሳዊ፣ ስለ ተጫዋቾቹ ያልከው ልክ ነው። ልጆቹን ያሳደገው ክለቡ ነው። ዋንጫውን ሂዬሮ አመጣው አላልኩም። ግን የማድሪድና የባርሳ ልጆች በአንድ ካምፕ በሰላም የሚኖሩበትን ቤት መጠበቅም ሥራ ነው። በድጋሚ ልበል፦ ዳይሬክተር አሰልጣኝ አይደለም። ዋንጫ ቆጥራችሁ አትለኩት።

የሀዋሳ ልጅ፦ ማላጋስ? ያኔ በጣም እወዳቸው ነበር።

መልስ፦ እኔም። ማላጋ የገዛ አካባቢው ነው። በ2010 የኳታሩ ሼክ አብዱላህ አል ታኒ ክለቡን ገዙ። በ2011 ሂዬሮ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ገባ። አሰልጣኙ ማኑኤል ፔሌግሪኒ ነበሩ። በአንድ ክረምት ካዞርላ፣ ቱላላን፣ ሞንሪያል፣ ኢስኮ፣ ኾአኪን፣ ቫን ኒስተልሮይ መጡ። ከግዢዎቹ ብልህ የምለው ኢስኮን ነው። ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ ቫሌንሲያ ቦታ አልሰጠውም። በ58 ነጥብ 4ኛ ወጡ። ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻምፒየንስ ሊግ ገባ።

ሂዬሮ ግን ውድድሩ እንዳለቀ ለቀቀ። ወዲያው ጉዱ ወጣ። ደሞዝ ዘግይቷል፣ የዝውውር ዕዳ አልተከፈለም። ካዞርላ በዚያ ክረምት ለአርሴናል ተሸጠ። በ2012 መጨረሻ ዩኤፋ ክለቡን ከቀጣይ የአውሮፓ ውድድር አገደው። የቀሩት ልጆች ግን እስከ ሩብ ፍጻሜ ሄደው ዶርትሙንድ በባከነ ሰዓት በሁለት ጎል ቀለበሳቸው። ያቺን ማታ ማን ይረሳል? ከዓመታት በኋላ ክለቡ በ2018 ከላሊጋ ወረደ። በ2023 ደግሞ ሦስተኛ ሊግ ገባ። ያ ሁሉ የሂዬሮ ጥፋት ነው አልልም፤ ገንዘቡ የእሱ አልነበረም። ነገር ግን ከአንድ ሰው ኪስ በሚወጣ ብር ላይ ይህን ያህል ደሞዝ ሲፈረም ሥራ አስኪያጁ እሱ ነበር። እወደዋለሁ፣ ግን ይህን አልሸፍንለትም።

አዳሜ፦ የእኛ ሀገር ክለቦችስ ከዚህ ምን ይማራሉ?

መልስ፦ ሌላ ማታ። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ጀማሪ፦ በ2018 ስፔንን አሰልጥኖ ለምን ወደቀ? ጥሩ ዳይሬክተር አልነበረም ማለት ነው?

መልስ፦ አሁንም ደባለቃችሁት! ስሙኝ። በ2017 መጨረሻ ወደ ፌዴሬሽኑ የተመለሰው በዳይሬክተርነት ነው። በ2018 ሰኔ 12 ማድሪድ የስፔኑን አሰልጣኝ ሎፔቴጊን ቀጣዩ አሰልጣኜ ነው ብሎ አወጀ። በማግስቱ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሩቢያሌስ ሎፔቴጊን አባረሩት። ከፖርቱጋል ጋር ለሚደረገው የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ሁለት ቀን ቀርቷል። ማን ይያዘው? ተጫዋቾቹን የሚያውቀው፣ እዚያው ካምፕ ውስጥ ያለው ሂዬሮ ነበር። በዋና አሰልጣኝነት የነበረው ልምድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ ከኦቪዬዶ ጋር አንድ ዓመት ብቻ። ከፖርቱጋል 3 ለ 3፣ ኢራንን 1 ለ 0፣ ከሞሮኮ 2 ለ 2። ከሩሲያ ጋር ከ1,000 በላይ ቅብብል አድርገው 1 ለ 1። በመለያ ምት ኮኬና አስፓስ ሳቱ። ኳሷ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ትሄድ ነበር፤ ያንን መቀየር አልቻለም። ግን ቤት ሲቃጠል ገብቶ ውሃ የተሸከመ ሰው ነው። በሳምንቱ ወደ ዳይሬክተርነቱም ሳይመለስ ለቀቀ።

ከሪያድ፦ ጋሼ፣ እኔ ሪያድ ነው የምኖረው። እዚህ አል ናስርም መጥቶ ነበር። ከዚያ በፊትስ?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ። በፊት ሜክሲኮ ነበር፣ ከ2022 ጀምሮ፣ ጓዳላሃራ፣ ቺቫስ ክለብ። ቺቫስ የሚያሰልፈው ሜክሲኳውያንን ብቻ ነው። ስለዚህ ገበያው ጠባብ ነው፤ ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ ዋጋ ይቆልላሉ። ለዳይሬክተር ከዚህ የከበደ ፈተና አላውቅም። ፓውኖቪችን አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረ። በ2023 ፍጻሜ ደርሰው ሜዳቸው ላይ 2 ለ 0 ከመሩ በኋላ በቲግሬስ 3 ለ 2 ተሸነፉ። በ2024 ወደ እናንተ ከተማ መጣ። እዚያ ገንዘብ ነበር፣ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ነበር፤ ሥራው ተቃራኒ ነበር።

ቤቲ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። አንድ ጨዋታውን ብቻ እንይ ብንል?

መልስ፦ 1993፣ ኅዳር 17፣ ሴቪያ። ስፔን ከዴንማርክ። ዴንማርኮች ያኔ የአውሮፓ ሻምፒዮን ናቸው፤ አቻ ይበቃቸዋል። የሌላ ጨዋታ ውጤት ሳትጠብቅ ወደ አሜሪካው የዓለም ዋንጫ ለመሄድ ስፔን ማሸነፍ አለባት። ገና በ10ኛው ደቂቃ ግብ ጠባቂው ዙቢዛሬታ ማይክል ላውድሩፕን ጥሎ በቀይ ወጣ። ካኚዛሬስ ለሀገሩ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሊጫወት ገባ። በ10 ሰው ከ80 ደቂቃ በላይ! ከዕረፍት በኋላ ኮርነር ተመታ። ሂዬሮ ከሁሉም በላይ ዘሎ በጭንቅላቱ አስገባት። 1 ለ 0 አለቀ። ከጎሉ በኋላ እንዴት እንደተከላከለ እዪ፤ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይገባሻል።

ራሞስ 93፦ አሁንም ግን ራሞስ...

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ደህና እደሩ።